ድሪቶን በአዲስ መልክ እንዴት እንሰፋለን?

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ አይጣል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ መንዝ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ብርዱ ይብሳል። ለዚህ ነው በሰሜን ሸዋ ቤት የሚደረብ ነገር የማይጠፋው። ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባና አለ፣ ጋቢ አለ። ከእነሱ ሥር ብዙ ጊዜ ድሪቶ አለ።

ድሪቶ ስሙ ክፉ ሆኖ ቀርቷል። ሰው ሲሰደብበት እንጂ ሲመሰገንበት አይሰማም። እኔ ያደግሁት በአያቴ ድሪቶ ሥር ነው። የካኪ ሱሪ ጉልበት፣ የአሮጌ ቀሚስ ጫፍ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ቀይ ብጣሽ። ስፌቱ በእጅ ነው፤ የመርፌዋ እርምጃ ከስንዴ ቅንጣት አይረዝምም። ያቺን ቀይ ብጣሽ በጣቴ እየዳሰስኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

አሜሪካ ውስጥም ይኸው ሥራ የቆየ ባህል ነው። እዚያ ስሙ ከገነነው አሰፋፍ አንዱ «ሎግ ካቢን» ይባላል፤ የግንድ ጎጆ ማለት ነው። መሀል ላይ ትንሽ ካሬ ትቀመጣለች። ዙሪያዋን ቀጫጭን ቅዳጆች እንደ ግድግዳ ግንድ ይደረደራሉ። በልማዱ የመሀሏ ካሬ ቀይ ናት፤ የምድጃው እሳት ናት ይላሉ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በሚባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከዚህ የሚቀራረበውን ካረጀ የሥራ ልብስ እየሰፉ «የቤት ጣሪያ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየ። ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአያቴ ቀይ ብጣሽ ነው።

ዛሬ የምንሰፋው ይህንኑ የግንድ ጎጆ ነው። የድሮው አሰፋፍ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ለዓይን ማረፊያ የለውም። አዲስ መልክ የሚያመጣለት ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ቀለሙን እንቀንሳለን፣ ተሰፍቶ የሚያልቀውን ካሬ እናተልቃለን፣ እምብርቱን፣ ማለትም ቀዩን፣ ከመሀል ወደ ጥግ እናሸሻለን።

ጨርቁ

ሦስት ቀለምና አንድ ቀይ ይበቃል። እኔ ቀለሙን የምወስደው ከባና ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ሳይነከር ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ይሰጣል፤ ሦስቱ ተያይዘው ሲታዩ አይሰለቹም። ለነጩ አቡጀዲ ግዙ። ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ ለፊቱ 1.5 ሜትር ይበቃል። ጥቁርና ቡናማውን ከልብስ ሰፊዎች ለምኑ፤ መቀሳቸው ሥር የማይፈልጉት ብጣሽ ሞልቷል። አበባ ያለበትን ተዉት። ውፍረታቸው የሚቀራረብ ይሁን። አንድ ጊዜ ወፍራም ካኪ ከስስ ፖፕሊን ጋር ሰፍቼ ሲታጠብ ፖፕሊኑ ተሸበሸበ፤ መልሼ ላቃናው አልቻልኩም።

ያረጀ ነጠላ ካላችሁ ጥለቱን አትጣሉት። በአንዱ ካሬ ላይ ብቻ በጠባብ ቅዳጅ ፋንታ ይግባ። ነጠላ ሳሳ ብሎ ስለሚተረተር ከኋላው ስስ ጨርቅ አስደግፉት።

ሁሉንም አስቀድማችሁ እጠቡ። አዲስ ጥጥ ይሰበሰባል። ቀዩን ለብቻው፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት፤ ካቀለመ ሌላ ቀይ ፈልጉ።

መቁረጥና መስፋት

ለስፌት በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር እንተዋለን። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ይህን የጨመሩ ናቸው። በደረቀ ሳሙና አስምራችሁ ቁረጡ፦

ቀይ፦ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ለአንድ ካሬ አንድ።
ጥቁርና ቡናማ፦ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ለአንድ ካሬ በድምሩ 1 ሜትር ከ20 ያህል።
ነጭ፦ ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ለአንድ ካሬ 1 ሜትር ከ45 ያህል።

ቀዩን ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ። ጠባቡን ቅዳጅ ከቀኝ ጎኑ ጋር ፊትና ፊት አጋጥሙና ስፉ። ትርፉን ቁረጡ፣ ግለጡት፣ ተኩሱት። ቀጥሎ ሌላ ጠባብ ከታች በኩል፤ ይህኛው የመጀመሪያውን ቅዳጅ ጫፍ ጨምሮ ይሸፍናል። ከዚያ ሰፊውን ነጭ በግራ፣ በመጨረሻም ሰፊውን ነጭ ከላይ። አንድ ዙር ሞላችሁ። ካሬው አሁን 18 በ18 መሆን አለበት።

በሜትር ለኩት። እዚህ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከጎደለ ሦስተኛው ዙር ላይ ጎልቶ ይታያል። የሳተውን ፈትቶ መስፋት የሚሻለው አሁን ነው።

በዚያው አቅጣጫ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ እያላችሁ ሁለት ዙር ጨምሩ። ሁለተኛው 26፣ ሦስተኛው 34 ያደርሳችኋል። አንዱን ዙር በጥቁር፣ ቀጣዩን በቡናማ አድርጉ። ቀዩ እምብርት ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ሲጠጋ ታያላችሁ።

መተኮስ አይዘለል። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ትርፉን ከእምብርቱ ወደ ውጭ አስተኙና ካውያውን ከላይ ጫን አድርጋችሁ አንሱ። ወዲያ ወዲህ ከጎተታችሁት ቅዳጁ ይለጠጣል፣ ካሬው ይጣመማል። የከሰል ካውያ ከሆነ አመዱ ነጩ ላይ እንዳይረግፍ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

መደርደር

እንዲህ ያለ ካሬ አምስት ስፉ። ከአቡጀዲው ደግሞ 34 በ34 የሆኑ ሰባት ባዶ ካሬዎች ቁረጡ። በወርዱ ሦስት፣ በቁመቱ አራት አድርጋችሁ አልጋ ላይ ዘርጓቸው። ሲሰፉ 96 በ128 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለሕፃን ልክ ነው። ሦስቱን ካሬ አንድ ጥግ ላይ ሰብስቡ፣ ሁለቱን ራቅ አድርጋችሁ በትኑ። እምብርቶቹን ወደተለያየ ጥግ አዙሩ። ከዚያ በር ላይ ቆማችሁ እዩት፤ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ላይ አንዱ ጎን ከከበደ ቦታ ቀይሩ። እኔ እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ባጠፋ አይቆጨኝም።

ሦስቱን ንብርብር መያዝ

ለመሀሉ ያረጀ ጋቢ የሚያህል የለም። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቧል፣ ይሞቃልም። ገበሩን ከታች፣ ጋቢውን በላዩ፣ የሰፋችሁትን ከላይ አድርጉ። ገበሩና ጋቢው በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ይትረፉ። ከመሀል ወደ ዳር እየዳበሳችሁ አቃኑትና ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ለጊዜው ያዙት።

አሁን በወፍራም ጥቁር የጥልፍ ክር፣ በእጅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ስፉ። በመስመሮቹ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ጥልፍና አበባ አይግባበት። ነጩ ላይ የጥቁሩ ክር እርምጃ አንድ በአንድ መታየቱ ነው ውበቱ።

ለጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 4.7 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቁር ቅዳጅ ቀጥሉ። የተረፈውን ገበርና ጋቢ ከርክሙ። ቅዳጁን ለሁለት አጥፋችሁ ከፊት በኩል ስፉት፣ ወደ ኋላ መልሱና በእጅ ያዙት። ጥግ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ፤ እጥፉን በጥፍራችሁ ተጫኑና ሁለት ጊዜ ውጉት። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ ነው። አትጠምዝዙት፤ ጥላ ላይ አስጡት።