ጎልማሳ ጎረቤትዎን ፊደል ሲያስቆጥሩ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤቴ የመሠረተ ትምህርት የምሥክር ወረቀት አላቸው። ወረቀቱን የተቀበሉት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ወደ ተወለዱበት የገጠር መንደር በደረሰ ጊዜ፣ ገና ልጅ እግር ሳሉ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያቸው ጋር ያስቀምጡታል። ከሦስት ዓመት በፊት ግን በላዩ ላይ ከተጻፈው ውስጥ የራሳቸውን ስም እንኳ ለይተው ማንበብ አይችሉም ነበር። ዘመቻው በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደና እጅግ ብዙ ሰው ፊደል ያስቆጠረ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚያነበው ነገር በእጁ ስላልነበረ ያወቀውን መልሶ ረሳው። ከዚህ በታች የምጽፈው እኚህን ጎረቤቴን፣ ከዚያም በጉሊት አብረዋቸው የሚውሉ ሁለት ሴቶችን ሳስተምር ያገኘሁትን ልምድ ነው።

ትምህርቱን ከፊደል ገበታ አይጀምሩት። በመጀመሪያው ቀን ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ባለፈው ሳምንት ምን ምን ነገር ለሰው ሰጥተው እንዳስነበቡ ተማሪዎን ቀስ ብለው ይጠይቁና የሚነግሩዎትን ሁሉ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩት። የታክሲ ታፔላ፣ የዕቁብ ደብተር፣ የጤና ጣቢያ የቀጠሮ ካርድ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ በደረጃው ሥር የተለጠፈ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። የምታስተምሩት በዚህ ገጽ ቅደም ተከተል ነው። ጎረቤቴ ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት የስልካቸውን መልእክት ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገዛቸው ሰው ገንዘቡን በስልክ መላክ ስለለመደ፣ ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ከአጠገባቸው ሱቅ ለሚሠራ ልጅ እያሳዩ «ገባ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አንድ ቀን ልጁ በቅጡ ሳያይ «ገብቷል» ብሏቸው፣ 180 ብር ሳይገባ ገዢዋ ዕቃዋን ይዛ ሄዳለች።

ስለዚህ እኛ ከፊደል በፊት በአኃዝ ጀመርን፤ ለሌላም ሰው ቢሆን ይህንኑ እመክራለሁ። ፊደል የማያውቅ ነጋዴ አኃዝን በከፊል ያውቃል፤ የብር ኖቶችን ይለያል፣ ስልክ ይደውላል፣ ሒሳብ በቃሉ ከእኔም ከእርስዎም ፈጥኖ ይሠራል። የሚጎድለው በወረቀት ወይም በስልክ ላይ የተጻፈውን ረጅም ቁጥር ከፋፍሎ ማንበብ ነው። ጎረቤቴ መልእክቱ ላይ 180.00 የሚለውን አሥራ ስምንት ሺህ ብለው አንብበው ደንግጠው ነበር፤ ከነጥቧ በስተቀኝ ያሉት ሁለት ዜሮዎች የሳንቲም ቦታ መሆናቸው እስኪገባቸው ድረስ ሦስት ምሽት ወሰደብን። ከዚያ በኋላ ኮከብ 127 መሰላል ብለው ደውለው ያላቸውን ገንዘብ ራሳቸው ማየት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን የምሥጢር ቁጥራቸውንም ራሳቸው ቀየሩ፤ እስከዚያ ድረስ ቁጥሩን የሚያውቀው ልጃቸው ነበር። ልጁ መጥፎ ሰው ባይሆንም፣ እናቱ ስንት ብር እንዳላቸው ከእርሳቸው ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሌሎች ሁለት ነገሮችንም አስቀድመው ያጣሩ። አንደኛው ዓይን ነው። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ለማየት ይቸገራል፤ እኔም ይህን ሳላስብ ሁለት ሳምንት ሙሉ «አልገባኝም» የሚለውን ቃል እንደ ስንፍና ቆጥሬው ነበር። ክርና መርፌ ይስጧቸውና ክሩን ሲያስገቡ ይመልከቱ፤ መርፌውን ከዓይናቸው እያራቁ የሚሞክሩ ከሆነ ከእርሳስ በፊት የንባብ መነጽር ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በከተማዋ ዳርቻ የሚኖር ብዙ ሰው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በቁቤ መጀመር ቢፈልግ የሚያስተምረውን ሰው ይፈልጉለት እንጂ እርስዎ ስለሚቀልልዎት ብቻ በአማርኛ አይጀምሩት። ሰው በማያስብበት ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

ተማሪዎ በዕድሜ የሚበልጥዎት ከሆነ በሚያርሙበት ጊዜም ከ«አንቱ» አይውጡ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን «አይደለም፣ እንደገና በይ» የሚለው የትምህርት ቤት ቃል ከአፍ ማምለጡ አይቀርም። ከሴቶቹ አንዷ መጀመሪያ ያስተማራቸው የስምንተኛ ክፍል ልጃቸው ሲሆን፣ «ለ»ን «ሰ» ብለው ባነበቡ ቀን ስለሳቀባቸው ደብተሩን ከፍራሽ ሥር ከተው ለአንድ ዓመት አልነኩትም። ለሰዓቱም ይጠንቀቁ፤ ጉሊት ተነሥቶ፣ ራት ተበልቶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ በሳምንት አራት ቀን መማር ከአንድ ሙሉ የእሑድ ከሰዓት ይበልጣል።

ወደ ፊደሉ ሲገቡ የሚጠብቅዎት ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ሰባት ረድፍ የተደረደሩበት 231 ቅርጽ ያለው ገበታ ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ሕፃን ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ ይወጣዋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎልማሳ ግን አንድም ቃል ሳያነብ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ሦስት ወር አይቆይልዎትም፤ ቢቆይም ዜማውን ይይዛል እንጂ ቅርጹን አይለይም። ከስማቸው ይጀምሩ። ስማቸው አበበች ቢሆን «አ»፣ «በ» እና «ች» በእጅዎ ገቡ። «በ»ን ከነቤተሰቧ፣ «አ»ንም እንደዚሁ ሲያሳዩአቸው አበባ፣ አባባ፣ እባብ የሚሉትን ቃላት በሁለተኛው ሳምንት ማንበብ ይችላሉ። ከራሳቸው ስም ውስጥ እባብ ሲወጣ የማይስቅ ሰው አላየሁም። ቀጥለው ወደ ሚሸጡት ዕቃ ይሂዱ፤ «ቲማቲም» አራት ቦታ ቢኖረውም የሚያስፈልገው የ«ተ» እና የ«መ» ቤተሰብ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ የተመቸ ቃል ነው።

የቤተሰቡን ሥርዓት ደግሞ በግልጽ ያስረዱ፤ ጎልማሳ ሰው ከዜማ ይልቅ ምክንያት ይረዳዋል። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ከቀኝ ጎኑ መካከል ቅጥያ ያወጣል፣ ሣልስ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርደዋል፣ ራብዕ ቀኝ እግሩን ያስረዝማል፣ ኃምስ በእግሩ ቀለበት ያስራል። ሳድስና ሳብዕ እንደዚህ ያለ ቋሚ መላ ስለሌላቸው እየደጋገሙ መልመድ ብቻ ነው፤ እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉትም ከሥርዓቱ ያፈነግጣሉ። ሰ ወደ ሸ፣ ተ ወደ ቸ፣ ነ ወደ ኘ፣ ደ ወደ ጀ፣ ዘ ወደ ዠ ሲለወጡ በራሳቸው ላይ ሰረዝ መጨመራቸውን፣ «ጨ» ብቻ ከ«ጠ» የምትለየው ከላይ ሳይሆን ከእግሯ በኩል መሆኑን ጥንድ ጥንድ አድርገው ካሳዩ የገበታው አንድ ክፍል በአንድ ሳምንት ይቃለላል።

በቃል የተሸመደደውንና በእውነት የታወቀውን ለመለየት የቄስ ትምህርት ቤት የቆየ መላ አለው። የኔታ ሀሁን የጨረሰውን ተማሪ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ወደሚለው ገበታ ያሻግሩታል፤ ፊደሉም ረድፉም በአንድ ጊዜ ስለሚዘበራረቅ በዜማ የተደገፈው ሁሉ እዚያ ላይ ይወድቃል። እኔም በየሁለት ሳምንቱ ፊደላቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፍሁ፣ አደባልቄ በትሪ ላይ እዘረጋቸዋለሁ። ያልታወቀችው ትታወቃለች።

ንባቡ ከተጀመረ በኋላ ተማሪዎ ፊደላቱን አንድ በአንድ በትክክል ጠርተው ቃሉን ግን የማያውቁት መስሎ ይታይዎታል። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ አንድ ነገር፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ «ዋና»ም እንደዚሁ የወንዝ ዋናና የነገር ዋና ይሆናል። እንዲህ ሲገጥም ቃሉን እርስዎ አያንብቡላቸው፤ «እርስዎ በሚያውቁት ቃል እንዴት ይባላል?» ብለው ይጠብቁ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በተመለከተ ደግሞ ለጽሕፈት ከየቡድኑ አንዳቸውን ብቻ ያስተምሩ፤ የቀሩትን ለማንበብ ያህል ያሳዩ። የግእዝ ሊቃውንት እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ በሚሆንበት ቋንቋ እውነት አላቸው። ለጉሊት ደብተር ግን ያንን ሸክም ቆይቶ ማንሣት ይቻላል።

ስለ ጽሕፈት ብዙ የምለው የለኝም። እጅ እርሳስን ከመልመዱ በፊት ጨብጦ ይሰብረዋልና ባለ ሰፊ መስመር ደብተር፣ አጠር ያለ እርሳስና መቅረጫ ይበቃል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ትሪ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት በጣት መጻፍም ፍርሃትን ይቀንሳል።

ፊርማን ግን በመጨረሻ ያስተምሩ። ብዙ ሰው ከመማር የሚፈልገው ከጣት ቀለም መገላገልን ስለሆነ ይህ ምክር ያስከፋል፤ ያም ሆኖ ቀድሞ መፈረም የቻለ፣ ነገር ግን ማንበብ ያልቻለ ሰው በአሻራ ከሚፈርመው ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በአዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ግዴታ ውስጥ እንደማያስገባው ይደነግጋል። አምሮ የተጻፈ ፊርማ ያኖረ ሰው ግን «ማንበብ አልችልም ነበር» ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ ከፊርማው በፊት በማንኛውም ወረቀት ላይ ስማቸውን፣ የገንዘቡን መጠንና ቀኑን መፈለግን፣ እንዲሁም ውል፣ ዕዳ፣ ወለድ፣ ዋስ፣ ምስክር የሚሉትን ቃላት በመልካቸው ማወቅን ያስተምሯቸው። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ለአንድ ዘመዳቸው ብድር «ለምስክርነት ነው» ተብለው ተጠርተው ነበር። ወረቀቱ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከነጠብጣቡ መስመር በላይ ያለችው ቃል ባለ ሁለት ፊደል ነበረች። «ምስክር» ባለ አራት ፊደል መሆኑን ያውቃሉ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ነገ እመጣለሁ» ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም።

እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ የአስተማሪው ሥራ መራቅ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝም ይህ ነበር። ታክሲ ስንጠብቅ ታፔላውን አንብቤ «ይሄ ነው» ማለት ልማዴ ስለሆነ፣ ዝም ብዬ መቆምን መማር ነበረብኝ፤ ሁለት ታክሲም አምልጦናል። ወረዳ ስንሄድ እርሳቸው ወደ መስኮቱ ሲጠጉ እኔ ከወንበሩ አልነሣም። ከዚህ በላይ መቀጠል የሚፈልግ ተማሪ ካለዎት በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ይጠይቁለት። የማይቀጥለው ደግሞ በየቀኑ የሚጽፍበት አንድ ነገር ይኑረው፤ አለዚያ እንደ ዘመቻው ጊዜ ይረሳል።

ጎረቤቴ አሁን የዱቤ ደብተር ይይዛሉ። የሰዎችን ስም ስለማያውቁ በፎቅና በበር ቁጥር ይጽፋሉ፤ «ሽንኩርት»ንም እስከ ዛሬ «ሽንኩት» ይሉታል፤ አላረምኋቸውም። በሁለተኛው ገጽ ላይ የእኔም 65 ብር ሰፍሯል።