ግራፋይት አልሆን ያለ ካርቦን፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ከእንጨት፣ ከስኳር ወይም ከፌኖል ሬዚን (የፕላስቲክ ዓይነት) የተሠራ ከሰል ግትር ነው። ለብቻው 3000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብታግሉት እንኳን በወጉ ግራፋይት (አተሞቹ በንብርብር በሥርዓት የተደረደሩ ካርቦን) አይሆንም፤ ተመራማሪዋ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ይህን እ.ኤ.አ. በ1951 አሳይታለች። ብረት፣ ኒኬል ወይም ኮባልት ሲገባበት ግን ከ800 እስከ 1200 ዲግሪ ይበቃዋል። ሲሳካ ነው እንግዲህ።

አንድ ነገር ከገባችሁ ግማሹ ችግር ይቀላል። የጋለው የብረት ቅንጣት የተዘበራረቀውን ካርቦን በአንድ በኩል ያሟሟል፣ ሲሞላበት በሌላ በኩል ግራፋይት አድርጎ ይተፋዋል። የተዘበራረቀ ካርቦን ከግራፋይት ይልቅ ብረት ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ሥራው አይቆምም፤ ቅንጣቱ ምስጥ እንጨት ውስጥ እንደሚሄደው ከሰሉን እየበላ ይጓዛል፣ ከኋላውም የግራፋይት ዱካ ይተዋል። ቅንጣቱ ያልደረሰበት ቦታ እንደነበረ ይቀራል።

ሰፊ ጉብታ ላይ የተቀመጠ ሹል ፒክ

የመዳብ ቱቦ ባለው ኤክስ አር ዲ (የአተሞችን አደራደር በኤክስሬይ የሚያሳይ መሣሪያ) በ26 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ ሹል ፒክ፣ ማለትም የግራፋይት ምልክት፣ አለ፣ ከሥሩ ግን 22 እስከ 24 ላይ የተንጣለለ ጉብታ። ከፊሉ ተለውጧል፣ ከፊሉ አልተነካም ማለት ነው። ብዙዎቻችን ወዲያው ሙቀት እንጨምራለን። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስርጭቱን ነው። የብረት ዱቄት ከከሰል ዱቄት ጋር በሙቀጫ ወቅጣችሁ ከሆነ መልሱ እሱ ነው፦ ቅንጣቱ ትልቅ፣ የሚነካው ካርቦን ትንሽ። የብረት ናይትሬት (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የብረት ጨው) ውሃ ውስጥ አሟሙ፣ ገና ከሰል ባልሆነ ሰጋቱራ ላይ አፍስሱት፣ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ አድርቁት። ዝም ብላችሁ ካደረቃችሁት ጨው ወደ ላይ ይወጣና ዳር ዳሩን ብቻ ይይዛል። ሲግል ናይትሬቱ ቡናማ መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ ጭስ መሳቢያ ይኑር፣ ሙቀቱም ቀስ እያለ ይውጣ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጉብታው አልሄድ ካለ፣ ያኔ ሙቀቱንና የቆይታውን ሰዓት ጨምሩ።

ምንም ሹል ፒክ የለም

ምናልባት ብረቱ ገና ብረት አልሆነም። መጀመሪያ ኦክሳይድ (ከኦክሲጅን ጋር የተጣመረ) ነው፤ ካርቦኑ ራሱ ኦክሲጅኑን እየወሰደ ወደ ብረት ይቀንሰዋል፣ ይህ ደግሞ በደንብ የሚሄደው ከ600 እና 700 ዲግሪ በላይ ነው። ማግኔት ሳበው ብላችሁ አትዘናጉ፣ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ኦክሳይድም ይሳባል። የፈርነሱን (የማጋያ ምድጃውን) ማሳያ ሳይሆን ናሙናው አጠገብ ያለውን ሙቀት ለኩ።

ፒኩ ያምራል፣ ራማን ግን አይስማማም

እዚህ ላይ ሁለት ቀን በከንቱ ደስ ብሎኝ ያውቃል። ፒኩ ሹል፣ ቦታው ልክ፣ ራማን (የካርቦኑን ሥርዓት በሌዘር የሚመረምር ዘዴ) ላይ ግን 1350 አካባቢ ያለው የዲ ባንድ፣ የመዘበራረቅ ምልክቱ፣ ከጂ ባንዱ እኩል ተገትሯል። ለካ ኳርትዝ ነው! የኳርትዝ ዋና ፒክ 26.6 ላይ ነው፣ የግራፋይቱ 26.5፤ በዓይን አይለዩም። ከአሸዋ፣ ከአቧራ ሊመጣ ይችላል። 20.9 ላይ ትንሽ ፒክ ካያችሁ ኳርትዝ አለ። ካልለየላችሁ ጥቂቱን አየር ላይ አቃጥሉና አመዱን እንደገና ለኩ፤ ግራፋይት ይነዳል፣ ኳርትዝ ይቀራል።

ከፈርነስ ሲወጣ ቀላ

ደቃቅ ብረት አየር ሲያገኝ ራሱ ይነዳል። አየር እንዳይገባ ፈርነሱ ውስጥ የሚነፋውን አርጎን ጋዝ ሳትዘጉ እጅ እስኪያስችል ይቀዝቅዝ።

አሲድ ብረቱን አላወጣውም

ሃይድሮክሎሪክ አሲዱ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ለውጥ የለም፣ ዱቄቱ ግን አሁንም በማግኔት ይሳባል። ጥፋቱ የአሲዱ አይደለም። ቅንጣቱ በገዛ እጁ በሠራው የግራፋይት ቅርፊት ተሸፍኗል፣ አሲድ ደግሞ ግራፋይት አይበላም። ዱቄቱን ፍጩት፣ ወይም አየር ላይ በመጠኑ አሙቃችሁ ቅርፊቱን አሳሱና አሲዱን አሙቃችሁ ድገሙት። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ይህም ጭስ መሳቢያ ሥር ይሁን። ለባትሪ ካልሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቀረችውን ብረት ለማሳደድ ያን ያህል አልደክምም።