ነፍስ ወከፍ ገቢን በራስ ቤት ደብተር ላይ ማስላት

ቢቸና አጎቴ ቤት ሬዲዮ እየሰማን ነበር። የኢትዮጵያ ነፍስ ወከፍ ገቢ 1,000 ዶላር አልፏል ተባለ። ጋሼ ሳቁና «ኸረ የኔ ድርሻ የት ገባ?» አሉ።

ቁጥሩ ማንም ኪስ ውስጥ የገባ ብር አይደለም። ሀገር ውስጥ በዓመት የተመረተው ሁሉ በገንዘብ ይተመንና ለሕዝቡ ቁጥር ይካፈላል፣ አለቀ። (የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ አካፋዩ ራሱ ግምት ነው።) ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ ለማወቅ በራሳችሁ ቤት ሞክሩት።

ደብተር አውጡና ዓመቱን ሙሉ ጎተራ የገባውን ጻፉ፤ የተሸጠውን ብቻ ሳይሆን የተበላውንም በገበያ ዋጋ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ የሸጠውን ብቻ ደምሮ «ባዶ ነኝ» ይላል። ከዚያ ወጪ ቀንሱ። የቀረውን ለነፍስ አካፍሉት፤ ጡት የሚጠባውም አንድ ነው።

ጋሼ 20 ኩንታል ጤፍ አግብተዋል። ሂሳቡ እንዲቀል ኩንታሉን 10,000 ብር አልነው፤ 200,000። ለማዳበሪያና ለዘር 40,000 ተነሣ። ቤቱ ስምንት ነፍስ ነው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ 20,000 ብር ደረሰ።

«የወፍጮ ቤቱን ጌታስ?» አሉ ጋሼ። ደህና ጥያቄ! አራት ጎረቤት በነፍስ 20,000 ቢኖረው፣ ወፍጮውና አይሱዙው ያለው አምስተኛው ቤት ደግሞ 320,000፣ ቤቶቹ እኩል ሰው ካላቸው አማካዩ 80,000 ይመጣል። 80,000 ያለው ግን አንድም የለም። ስለዚህ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሐል ላይ የወደቀውን እዩ፤ 20,000 ነው። አማካይ ሲነገራችሁ መሐለኛውንም ጠይቁ።

ወደ ዶላር ስትለውጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ የጋሼ 20,000 ብር 350 ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ወጣ። በ120 ብር ካካፈላችሁት 167 ዶላር ነው፤ ጤፉ ግን ያው 20 ኩንታል ነው። ሀገርን ከሀገር ለማወዳደር ብሩ እዚሁ ምን ያህል ይገዛል የሚለውን ከግምት ያስገባውን ስሌት ፈልጉ።

እ.ኤ.አ. በ1934 የሀገር ገቢን ለአሜሪካ ኮንግረስ አስልቶ ያቀረበው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ፣ የሕዝብ ኑሮ ደህና መሆኑ በዚህ ቁጥር አይለካም ብሎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ዕድሜንና ትምህርትን የጨመረበት የሰብዓዊ ልማት መለኪያ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዩ ይሻላል።

ደብተሩን ልዘጋ ስል እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉ። «የኔ እንጀራ የት ተጻፈ?» የትም። ለቤት ሲጋገር አይቆጠርም፤ ያንኑ ደብረ ማርቆስ ወስደው ለሆቴል ቢሸጡት ይቆጠራል። ነገርኳቸው። ጋሼ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱና «ስማ፣ አንዱ እንጀራ አሁን ስንት ገባ?» አሉኝ።