በአንድ ቆጣሪ ለሚጠቀም ግቢ፦ የቀናሽ ቆጣሪ አገባብና የሂሳብ አከፋፈል

አዳማ ውስጥ አንዱ ቆጣሪ ለባለቤቱም ለሦስት አራት ተከራይም የሚያገለግልበት ግቢ ብዙ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ይጨምራል፣ ርካሹ እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አምፖልና ስልክ ቻርጅ ብቻ ያላት ተከራይ የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ከዚያ አትወጣም። የጎረቤቶቿ ምጣድና ፍሪጅ ሲደመር ግን በውዱ እርከን ትከፍላለች፤ ሂሳቡ በክፍል እኩል ሲካፈልማ የሌላውን እንጀራ የምታስጋግረው እሷ ናት። ይህ ግፍ ነው። ባለቤቱ ተጨማሪ ቆጣሪ ማስገባት ከቻለ እሱን ያስቀድም። ካልሆነ ቀናሽ ቆጣሪ፣ ማለትም ከዋናው በኋላ የየቤቱን ፍጆታ ለብቻ የሚለካ ቆጣሪ፣ እርከኑን ባያወርድም ክፍፍሉን ያስተካክላል።

ለእያንዳንዱ ቤት ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ግዙ። ፊቱ ላይ 10(40) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ በቅንፍ ያለው ቆጣሪው የሚችለው ከፍተኛ አምፔር ነው። የሚገባው ከዋናው ቆጣሪና ከዋናው ብሬከር በኋላ ነው። ዋናው ቆጣሪ የታሸገ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ አይነካም። ሥራውን ለኤሌክትሪሺያን ስጡት፤ ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ በቴስተርም ይረጋገጥ።

የቆጣሪው አራት ቀዳዳዎች አደራደር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሥዕሉን ከክዳኑ ውስጥ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ላይ ነው፦ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) በቆጣሪው አልፎ ኒውትራሉ ከጎረቤት ክፍል መስመር ይያያዛል። ያኔ አንዱ ቤት መስመሩ ጠፍቷል ብሎ የነካው ሽቦ ሊይዘው ይችላል። እያንዳንዱ ቤት ፌዙም ኒውትራሉም የራሱ ይሁን።

ከተገጠመ በኋላ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ንቀሉ። የቆጣሪው ቀይ መብራት ብልጭ ማለት ማቆም አለባት፤ ካላቆመች ሌላ ቤት ከእናንተ መስመር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ 1500 ዋት የውሃ ማፍያ ብቻ ሰኩ። ቆጣሪው 1600 ኢምፐልስ (በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 ብልጭታ) የሚል ከሆነ በ220 ቮልት በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ብልጭ ይላል። ማታ ቮልቴጁ 200 ሲደርስ ወደ 33 ይወርዳል፤ ይህ የቆጣሪ ስህተት አይደለም።

ንባቡን ሁሉም ባሉበት በየወሩ በአንድ ቀን፣ ዋናው በሚነበብበት ቀን ውሰዱና ፎቶ አንሱ። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቀይ አሃዝ አትቆጠርም፤ እሷን ደምሮ ሂሳቡን አሥር እጥፍ የሚያደርግ አይጠፋም።

ለምሳሌ ዋናው 310፣ ሦስቱ ቀናሾች 140፣ 90 እና 50 አነበቡ እንበል። የቀረው 30 የግቢ መብራትና የመስመር ብክነት ነው፤ ለሦስቱ አሥር አሥር ይድረስ። ሂሳቡ 2,480 ብር ከመጣ ለ310 ሲካፈል አንዱ 8 ብር ነው። ስለዚህ 1,200፣ 800 እና 480 ብር። ልዩነቱ በድንገት ካበጠ ከቀናሾቹ በፊት የተቀጠለ መስመር ፈልጉ።

ምጣዱ ለብቻው ይታይ። 4 ኪሎዋት ምጣድ 18 አምፔር ይስባል፤ በተራ ሶኬት ከሰካችሁት ሶኬቱ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ይቀልጣል። የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና ቢያንስ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ይኑረው። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ኩሽና 30 ሜትር ከሆነ 2.5 ሽቦ 8 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይበላል፤ 6 ካሬ ከ3.5 አያልፍም። ከአዳማ በላይ የንፋስ ተርባይኖቹ ይዞራሉ፣ ቆቃም ቅርብ ነው፤ ቤታችሁ የሚደርሰውን ቮልቴጅ የሚወስነው ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ይህ ሽቦ ነው። ቮልቴጁ 190 ሲሆን የምጣዱ ጉልበት ከ4 ወደ 3 ኪሎዋት ይወርዳል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱም ለመጋል ይዘገያል።

ስለዚህ ማታ አትጋግሩ። ሁለት ቤት በአንድ ምጣድ በተከታታይ ቢጋግር ደግሞ ሁለተኛው ማጋያውን ያተርፋል፤ 20 ደቂቃ ማጋል ብቻ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ተራ ሲቀየር ንባቡን ጻፉ። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ብሬከሩን አጥፍታችሁ፣ አክንባሎውን ከድናችሁ በቀረው ሙቀት አውጡ።