«የአመለካከት ችግር ነው» ከማለታችን በፊት

መሥሪያ ቤት ውስጥ ግምገማ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ችግሩ ይነሳል። ጥፋተኛ ይፈለጋል። «የአመለካከት ችግር ነው፣ ስልጠና ይሰጥ» ይባላል። በዓመቱ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ይህ በጣም ያንገበግበኛል። ፍለጋው የት ላይ እንደሚበላሽ የታየኝን ልንገራችሁ።

ሰው ሲገኝ ጥያቄውን ማቆም

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ጣት የተቀሰረው ቶሎ ብሎ አብራሪዎቹ ላይ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር የስልጠናቸው ነገር ተነሳ። ጥያቄው እዚያ ቢቆም ኖሮ ፋይሉ ተዘግቶ ነበር።

ግን ተጠየቀ። አፍንጫው ለምን ተደፋ? ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ስለደፋው። ለምን ደፋው? ከአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ስለደረሰው። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ሴንሰር እያለ ሶፍትዌሩ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። ይህ ቦይንግ 737 ማክስ የሚባለው የአውሮፕላን ዓይነት ለገበያ ሲወጣ የአብራሪዎች መመሪያ ስለ ኤምካስ ለምን ዝም አለ? ቦይንግ አውሮፕላኑን ተጨማሪ የሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያሳይ መሣሪያ) ስልጠና የማያስፈልገው አድርጎ መሸጥ ስለፈለገ። ከዚያ በፊት፣ 5 ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ሶፍትዌር 189 ሰው ሞቷል። ያኔ እስከ ሥሩ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

«ሲስተም የለም»ን እንደ መልስ መቀበል

አንድ ወረዳ መታወቂያ ላሳድስ 3 ቀን ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ትላለች። ወረፋው በሙሉ ይጮህባታል። በሦስተኛው ቀን ጠጋ አልኩና «እህቴ፣ ግን ለምንድነው የሚጠፋው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ መብራት ሲሄድ ጄነሬተሩ ናፍጣ የለውም።»

«ለምን አይገዛም?»

«ፈራሚው ሌላ ሕንፃ ነው ያለው። በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚገኘው።»

በሁለት ጥያቄ ደረስንበት። ስድቡን ሁሉ የምትቀበለው ግን እሷ ነበረች።

ቢሮ ተቀምጦ መተንተን

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ አብዛኛው ሐኪም የሚያማው መጥፎውን አየር ነበር። ጆን ስኖው ግን ሰፈሩ ድረስ ሄዶ የሞቱት ሰዎች ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ጠየቀ። መልሱ ብሮድ ስትሪት ወዳለች አንዲት የውሃ ፓምፕ ወሰደው።

አንድ ሥር ብቻ መፈለግ

የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንዱ «ኩረጃ ስለቀረ ነው» አለ፣ ሌላው መምህሩን ወቀሰ፣ ሌላው ኮቪድንና ጦርነቱን አነሳ። ሁሉም የእውነት ቁራጭ ይዟል። አንዷን ቁራጭ ይዞ ሌላውን መጣል ግን ልጆቹን አይጠቅምም። በደንብ ማንበብ ሳይችል ከክፍል ክፍል ያለፈ ልጅ ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ አልጀመረም።

ለሁሉም ችግር ስልጠና ማዘዝ

ስልጠና የሚጠቅመው ችግሩ አለማወቅ ሲሆን ነው። ካልሆነ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። በቀደም ያንኑ ወረዳ ሄጄ ነበር። ልጅቷ የደንበኛ አያያዝ ስልጠና ወስዳ ተመልሳለች። ከልቤ አዘንኩላት። የናፍጣው ፊርማ አሁንም ያው ሌላኛው ሕንፃ ውስጥ ነው።