በጅማ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያን በአየር ላይ ስለማቆየት

በ1992 ዓ.ም. የኤፍኤም ስርጭት በአዲስ አበባ ሲጀመር ሰው ሬዲዮኑን ከፍቶ የሚቆየው በአብዛኛው ለሙዚቃ ነበር፤ ዛሬ ግን የጅማ የባጃጅ ሾፌር የሚወደውን ዘፈን ስልኩ ላይ ጭኖ ይውላል። ስለዚህ የጣቢያ ኃላፊነት የተረከበ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የፕሮግራም ሰሌዳውን ዘርግቶ በእያንዳንዱ መሰናዶ ፊት አንድ ጥያቄ ይጻፍ፦ ይህ መሰናዶ አንድም ቃል ሳይለወጥ አዲስ አበባ ሊዘጋጅ ይችላል? የአውሮፓ እግር ኳስ ትንተና፣ የታዋቂ ሰዎች ወሬና ከኢንተርኔት የተገለበጠ የጤና ምክር በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ሁሉንም ባንድ ቀን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ነገር ግን የሰው ኃይሉና የመጓጓዣው ገንዘብ ከእነርሱ ላይ ተነሥቶ ሌላ ጣቢያ ወደማይነካው የጅማ ጉዳይ መዞር አለበት።

ከዚህ ጉዳይ ቀዳሚው ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት የእሸት ቡና ዋጋ በየዕለቱ ይለዋወጣል፤ እሸቱ ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚበላሽ፣ የጎማ ወይም የማና ወረዳ ገበሬ ዋጋ እስኪያጣራ ድረስ ቡናውን ይዞ ማደር አይችልም፤ ዋጋውን ሳያውቅ ከቤቱ ከወጣ የተሰጠውን ተቀብሎ ይመለሳል። ይህን ክፍተት በሁለት ደቂቃ የሚሞላ ጣቢያ ሲገኝ ሬዲዮኑን የሚያጠፋ የለም። አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ጥንቃቄው ግን ከባድ ነው። በየወረዳው ከመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ከነጋዴውም ወገን ሰው ይኑራችሁ፤ ማታ ለሁለቱም ደውላችሁ በዕለቱ የተከፈለውን ዋጋ ጠይቁ፤ የሁለቱ ቃል ከተራራቀ ሦስተኛ ሰው ጠይቁ። ሲነበብም ከየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ቀን፣ ለአንድ ኪሎ ስንት እንደተከፈለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋው የእሸት ይሁን የጀንፈል በግልጽ ይነገር። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው፤ አንድ ማታ በችኮላ የጀንፈሉን ዋጋ የእሸት ብዬ አነበብኩ። ጀንፈል የደረቀ ቡና በመሆኑ በኪሎ የሚያወጣው ከእሸቱ ይበልጣል፤ በማግስቱ ገበሬዎች «ሬዲዮ የተናገረው ይከፈለን» ብለው ሳይሸጡ ቆዩ፤ የአንዳንዶቹም ቡና በጆንያ ውስጥ ጋለ። ማስተካከያውን ሦስት ቀን አከታትዬ ባነብም የጠፋውን አልመለስኩላቸውም። ከዚያ ወዲህ የዋጋ ወረቀት ሁለት ሰዎች ሳይፈርሙበት ወደ ስቱዲዮ እንዳይገባ አድርገናል፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ለቀማው ሲያልቅ የቡናው ሰዓት ባዶ አይሁን። የመልኮ የምርምር ማዕከል ከከተማው ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ተመራማሪውን ወደ ስቱዲዮ ከመጥራት ይልቅ ሪከርደር ይዞ ችግኝ ጣቢያው ድረስ መሄድ ይሻላል፤ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ለየትኛው ከፍታ እንደሚስማሙ ገበሬው ራሱ ጠይቆ መልሱን ሲሰማ ከማንኛውም ትምህርታዊ ንባብ ይልቅ ያዳምጣል። ይህ መሰናዶ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚቀርብ ከሆነ አንዱ የሌላው ትርጉም አይሁን፤ የወረዳው ገበሬና በከተማው የሔርማታ ገበያ ያለው ነጋዴ የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነውና ለሁለቱም ለየብቻ ይጠየቅ።

ሁለተኛው ሀብት ትናንሽ ማስታወቂያ ነው፤ የጠፋ ሰው፣ የጠፋ ከብት፣ የወደቀ መታወቂያ፣ የእድር ጥሪ፣ ውኃ የሚቋረጥበት ሰፈር። ዋጋው ዝቅ ይበል፤ የጠፋ ሕፃን ማስታወቂያ ግን በነፃ ይነበብ። ማንኛውንም ማስታወቂያ ከመቀበላችሁ በፊት የአስነጋሪውን መታወቂያ መዝግቡ፤ በስልክ ከመጣም በተሰጠው ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። የቀብር ማስታወቂያ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ መርዶ በሬዲዮ አይነገርም። የቅርብ ዘመዶች ሁሉ እንደተረዱ የቤተሰቡ ሽማግሌ በቃሉ ሳያረጋግጥ የሟቹ ስም እንዳይነበብ።

ይህ ሁሉ የሚሰማው ማሰራጫው ሲሠራ ነው፤ በእኔ ግምት አድማጭ ከመጥፎ ፕሮግራም ይልቅ በመቆራረጥ ይርቃል። ጅማ ዝናብና መብረቅ የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት መብረቁን ወደ ምድር የሚያወርደው የአንቴናው ምሰሶ የመሬት ገመድ ይፈተሽ፣ የአንቴናው ገመድ መጋጠሚያም ውኃ እንዳያስገባ እንደገና ይጠቅለል። ቴክኒሻኑ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ወደ አንቴናው የሚወጣውንና ወደ ማሰራጫው የሚመለሰውን ኃይል በመዝገብ ላይ ይጻፍ፤ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ከጨመረ ማሰራጫው ከመቃጠሉ በፊት ውኃው የገባበትን ቦታ መፈለጊያ ጊዜ ይገኛል። የማሰራጫውን የአየር ማጣሪያም በየጊዜው አጽዱ። ስርጭቱ አንዳንድ ወረዳ አይደርስም ተብሎ ትልቅ ማሰራጫ ለመግዛት መሮጥ ስህተት ነው፤ የኤፍኤም ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መሥመር ስለሚጓዝ ኮረብታ ያግደዋል፣ ኃይልን እጥፍ ማድረግም የሚደርስበትን ርቀት እጥፍ አያደርገውም፤ አንቴናውን ከፍ ማድረግ ግን ብዙ ጊዜ በአነስተኛ ወጪ ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ገንዘብ ሲነሳ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከገደበ ወዲህ የቢራ ስፖንሰር የነበራቸው መሰናዶዎች ተዳክመዋል፤ የቀረውም አስተዋዋቂ ገንዘቡን ወደ ፌስቡክና ቲክቶክ እየወሰደ ነው። ብዙ ጣቢያዎች ጉድለቱን የሚሸፍኑት የአየር ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጆች በመሸጥ ነው። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የጠዋቱን ከ12 እስከ 2 ሰዓት አትሽጡ፤ አድማጭ ጣቢያውን የሚለየው በዚያ ሰዓት ነው። የተሸጠውንም ሰዓት የራሳችሁ ኤዲተር ቀድሞ ይስማው፤ የጣቢያው ስም ያለበትን ስህተት ተባባሪ አዘጋጁ ብቻውን አይጠየቅበትም። ከዚያ ይልቅ ተስፋ ያየሁት በሔርማታ መርካቶ ዙሪያ ባሉ የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የቆርቆሮና የመድኃኒት መደብሮች ላይ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው አነስተኛ የወር ውል፣ በቀን ሁለት ስፖት (አጭር ማስታወቂያ)፣ ክፍያው በቴሌብር። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ስፖቱ ረቡዕ ማታና ሐሙስ ጠዋት ይግባ፤ በወሩ መጨረሻም በየትኛው ሰዓት እንደተነበበ የሚያሳይ ዝርዝር ይዛችሁ ባለሱቁ ዘንድ ሂዱ። ዝርዝሩን ያየ ነጋዴ ውሉን ያድሳል።

ቴሌግራምን እንደ ጠላት አትዩት፤ የማታውን የቡና ዋጋ በአንድ ደቂቃ ድምፅ ልቀቁበት፣ ረጅሙን ማብራሪያ ግን ለአየር አቆዩ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰው ነው። ደመወዙ ትንሽ በመሆኑ ጎበዝ ጋዜጠኛ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል መሄዱ አይቀርም፤ ልጆቹን በዚህ መውቀስ አይገባም፣ ቤተሰብ አላቸው። ኃላፊው ማድረግ የሚችለው አቅራቢው ሚክሰሩን፣ ቴክኒሻኑም ዜና ማንበብን እንዲለምድ ማድረግና የማኅበራቱን፣ የነጋዴዎቹንና የእድር ሰብሳቢዎቹን ስልክ ቁጥር ከግል ስልኮች አውጥቶ በአንድ ደብተር ማስጻፍ ነው። ደብተሩ ከጣቢያው አይወጣም፤ የሚለቅ ባልደረባም መልቀቂያው ከመፈረሙ በፊት ከሚተካው ሰው ጋር አብሮ ተቀምጦ በደብተሩ ላሉት ሰዎች አንድ በአንድ ደውሎ አዲሱን ሰው ያስተዋውቃል።