ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ወንበሩን ገልብጡት

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር አሮጌ ወንበሮች በጨረታ ይወጣሉ። የተረፈውን ቁራሌው ይወስደዋል። አልፎ አልፎ ከክምሩ መሃል እግሩ ቀጠን ያለ፣ መደገፊያው በልኩ የጎበጠ፣ መጋጠሚያው ላይ አንድም ሚስማር የማይታይበት ወንበር ብቅ ይላል። ጨርቁ ተተልትሏል፣ ስፖንጁ ወጥቷል። እንጨቱ ግን ደህና ነው። አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ፣ የሰው ጀርባ የት ላይ እንደሚያርፍ አስቦ የነደፈው ወንበር ነው። እሱን ትቶ የቺፑድ ወንበር በውድ ዋጋ መግዛት ያሳዝናል።

እንዲህ ያለውን ወንበር በትንሽ ወጪ ማልበስ ይቻላል። ችግሩ ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ቀድሞ ጨርቅ ይገዛል። ጨርቁ ላይ የሚታየው ጉድለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጨርቁ ስር ነው የሚመጣው። ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ከስር ወደ ላይ ነው።

አንድ ቅድመ ሥራ አለ። ወንበሩን ከአራቱም በኩልና ከስሩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከስሩ ወረቀት፣ ማህተም ወይም በእሳት የተተኮሰ ጽሑፍ ካለ አትንኩት፤ የወንበሩ መታወቂያ እሱ ነው። ስቴፕሉን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጉና በፒንሳ ንቀሉት። አሮጌውን ጨርቅ ጎትታችሁ አትቅደዱት። በጠመኔ «ፊት»፣ «ኋላ»፣ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብላችሁ ጻፉበትና አስቀምጡት። አዲሱን ጨርቅ የምትቆርጡት በሱ ልክ ነው።

ስትቀመጡ ይዘፍቃል፤ የፊቱ እንጨት ጭናችሁን ይወጋል

ሁሉም ሰው «ስፖንጁ አልቋል» ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ስፖንጁ አይደለም። ወንበሩን ገልብጡና ከስር በቡጢ ጫን በሉት። በ1950ዎቹና 60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ የዴንማርክ ወንበሮች ስፖንጁን የሚሸከሙት በተወጠሩ የጎማ ቀበቶዎች ነበር። ጎማ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይረግባል። ቀበቶውን አጠፍ ስታደርጉት ስንጥቅ ካሳየ ምክንያቱን አገኛችሁ። በዚህ ላይ ተጨማሪ ስፖንጅ ብትጭኑ ወንበሩ ከፍ ይላል እንጂ መዝፈቁን አይተውም።

ለወንበር ተብሎ የሚሠራው የጎማ ቀበቶ እንደ ልብ አይገኝም። ደግነቱ ደብረ ብርሃን የደሴ መንገድ ላይ ናት፤ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብትሉ የተጣለ የከባድ መኪና ከመነዳሪ አይጠፋም። ያልተለጠፈበትን ክፍል ምረጡ። ዱቄቱ እስኪለቅ በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ቀበቶዎች ቁረጡት። ውጥረቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሁለቱ መምቻ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 50 ሴንቲ ከሆነ ከመነዳሪው ላይ 45 ሴንቲ ምልክት አድርጉና ምልክቱ መምቻው ላይ እስኪደርስ ሳቡት። ከዚህ በላይ ከሳባችሁት ቀጭኑን ፍሬም ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፤ ካነሰ ደግሞ በአጭር ጊዜ ይረግባል። ጫፉን እጥፍ አድርጋችሁ ጭንቅላቱ ሰፋ ባለ ሚስማር ምቱት። መጀመሪያ ከፊት ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ እየሸመናችሁ አስገቡት። ከላይ የታጠበ ጆንያ አልብሱት፤ ያለ ጆንያ ጥቁሩ ጎማ ስፖንጁን እያሸ ይበላዋል፣ ጨርቁንም ያጠቁረዋል።

ፍሬሙ ውስጥ የተቦረቦረ መስመር ካያችሁና የድሮው ቀበቶ ጫፉ ላይ ብረት ከነበረው፣ ብረቱን አትጣሉት። አዲሱን ቀበቶ በዚያው ብረት አስይዛችሁ መልሳችሁ መስመሩ ውስጥ ክተቱት። ሚስማር እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ጠፍርስ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አገሩ የጠፍር አልጋ አገር ነው። ግን ጠፍር ርጥብ ሆኖ ይጠለፍና ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጥንካሬው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ወፍራም የአልጋ ጣውላ ይችለዋል። የዲዛይነር ወንበር አግዳሚ ብዙ ጊዜ ሁለት ጣት አይሞላም፤ ጠፍሩ ሲደርቅ መጋጠሚያውን ጎትቶ ይነቅለዋል። ጠፍር ከወደዳችሁ እግሩና አግዳሚው ወፍራም ለሆነ ወንበር አውሉት።

ስፖንጁ ሲነካ ዱቄት ይሆናል

አርጅቷል። ፎም ከአየር፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ጋር ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም፤ አፍ ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ጠራርጋችሁ አውጡት። በላዩ ላይ አዲስ መደረብ ብር ማባከን ነው።

አዲስ ስፖንጅ ስትገዙ ሻጩ በእጁ ጫን እያደረገ «ጠንካራ ነው» ይላችኋል። ጠንካራ ሆኖ ቶሎ የሚሞት ስፖንጅ ግን ሞልቷል። ዕድሜውን የሚወስነው ዴንሲቲው ነው፤ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል የሚለው። ለመቀመጫ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ለመደገፊያ ከ20 እስከ 25 ይበቃል። ሻጩ ቁጥሩን ባያውቅ እንኳ ጎረቤት ሱቅ ያለው ሚዛን ያውቃል። 50 በ50 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ የሆነ ስፖንጅ ሚዛን ላይ አስቀምጡ። 750 ግራም ገደማ ከመዘነ 30 ዴንሲቲ ነው። 450 ግራም ከሆነ 18 ነው ማለት ነው፤ ለመቀመጫ አትግዙት።

ውፍረቱን ከአሮጌው ስፖንጅ ጠርዝ ለኩ፤ መሃሉ ስለተረገጠ ያታልላል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። «ትንሽ ሞላ ይበል» ብላችሁ 5 ሴንቲ የነበረውን 10 አታድርጉት። የክንድ ማሳረፊያው ከፍታ፣ የመደገፊያው ጉብጠት፣ የእግሩ ርዝመት ሁሉ የተሰላው በዚያ ውፍረት ነው። ሲጨምር እግራችሁ ይንጠለጠላል፣ ክንዳችሁ ማሳረፊያ ያጣል። ቀጭኑ ወንበርም መልኩን አጥቶ ተራ ሶፋ ይሆናል።

ስፖንጁን ከመቀመጫው በየጎኑ አንድ ሴንቲ አስበልጣችሁ ቁረጡ፤ ጨርቁን ሞልቶ ይይዘዋል። ለመቁረጥ ረጅም የዳቦ ቢላ ወይም የሰጌቶ ምላጭ ይሠራል። ጠርዙ ለስለስ እንዲል በላዩ ስስ ንጣፍ ያስፈልጋል። መንዝ በቅርባችን እያለ እኔ የበግ ፀጉር እመርጣለሁ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በደንብ ተባዝቶ ከስፖንጁ ላይ ይነጠፋል፤ ከላይ አቡጀዲ ተወጥሮ ይመታል። አቡጀዲው ፀጉሩ በጨርቁ ቀዳዳ እንዳይወጣ ይከላከላል። ቅባቱ ያልለቀቀ ፀጉር ይሸታል፣ ብልም ይጠራል፤ ስለዚህ እጥበቱ ላይ አትቸኩሉ።

ይወዛወዛል፣ ሲጢጥ ይላል

የመጋጠሚያው ኮላ ደርቆ ለቋል። ይሄንን ጨርቅ ከማልበስ በፊት ካልሠራችሁት በኋላ ሁሉንም መልሳችሁ ልትነቅሉ ነው።

ሚስማር አትምቱበት። ሚስማር ለጊዜው ያስራል፣ ቀጥሎ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ በመጨረሻ እንጨቱን ይሰነጥቃል። የላላውን መጋጠሚያ በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ እየነካካችሁ አላቁት። አሮጌው ኮላ ሙሉ በሙሉ ካልተፋቀ አዲሱ አይዝም። ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የተሠራው የድሮ ኮላ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፤ በእርጥብ ሙቅ ጨርቅ አቆይታችሁ ፋቁት። ነጩን የእንጨት ኮላ ሁለቱም ፊት ላይ ቀቡ፣ ግጠሙ፣ እግሮቹን በገመድ ዙሪያውን እሰሩ። ገመዱ መሃል ዱላ አስገብታችሁ ጠምዝዙት፤ ኮላው በመጋጠሚያው ዙሪያ ብቅ ሲል አቁሙና ዱላውን አግዳሚው ላይ እሰሩት። የወጣውን ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ወንበሩ በአራቱም እግሩ ደልደል ብሎ መቆሙን ሳትፈትሹ አትተዉት።

አንድ የደጋ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ደግሞ አለ። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያዝም፤ ደርቆ እንደ ጠመኔ ይነጣል፣ ጉልበት አይኖረውም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት በኋላ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በነዚህ ወራት ረፋድ ላይ ቀቡ፣ ማታ በረንዳ ላይ አታሳድሩት፣ ምድጃ ያለበት ክፍል አስገቡት። መንዝ፣ መሃል ሜዳ ከተማ ያላችሁም እንደዚሁ። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም።

መደገፊያው ከነጎማው ተላቆ ወደቀ

ይህ የሚገጥማችሁ የታጠፈ ኮምፔንሳቶ ባላቸው ወንበሮች ላይ ነው። አሜሪካውያኑ ዲዛይነሮች ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ዝነኛ የማረፊያ ወንበር ላይ መደገፊያው የተያዘው ከኮምፔንሳቶው ጀርባ በተለጠፉ ጎማዎች ነው። እሱን አስመስለው የተሠሩትም ብዙ ናቸው። ጎማው ሲደርቅ ይላቀቃል። ብዙ አናጢ ቶሎ ብሎ ከፊት በኩል ብሎን ይነዳበታል፤ ያን ጊዜ ኮምፔንሳቶው ለዘላለም ይበላሻል። አሮጌውን ሙጫ እስከ እንጨቱ ፋቁ፣ ጎማው ከደረቀ ቀይሩት፣ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ኢፖክሲ ለጥፉና ሙሉ ቀን ተጭኖ ይቆይ።

ጨርቁ ተጨማደደ፣ መስመሩ ተጣመመ

ከአንድ ጥግ ተጀምሮ ዙሪያውን ስለተመታ ነው። የእያንዳንዱን ጎን መሃል በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የፊቱን መሃል አንድ ምቱ፣ ሳብ አድርጋችሁ የኋላውን መሃል፣ ቀጥሎ ግራና ቀኝ። ከዚያ ከመሃል ወደ ጥግ፣ እየተቀያየራችሁ። ጥጉ ሁሌም መጨረሻ ነው። የእጅ ስቴፕለር ጠንካራ እንጨት ላይ ከታጠፈባችሁ ጫማ ሰፊ የሚጠቀምባቸውን ትንንሽ ሚስማሮች ውሰዱ።

ጠርዙ ላይ ቶሎ ተቀደደ፤ ሌዘሩ ተላላጠ

ጨርቁ ጠርዝ ላይ ከተቀደደ ሁለት ምክንያት አለው፤ ወይ የእንጨቱ ጠርዝ ስለት ነው፣ ወይ የመጋረጃ ጨርቅ ነው ያለበሳችሁት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አደንዝዙት። ጨርቁን ሱቅ ውስጥ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን በክሮቹ መሃል ከፈሰሰ ለመቀመጫ አይሆንም።

የሚላላጠው ሌዘር ከላይ ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው። መላላጥ ከጀመረ አይጠገንም። እውነተኛ ቆዳ ከፈለጋችሁ የቦርሳ ሠሪዎችን ቁራጭ ጠይቁ። የደጋ በግ ቆዳችን ለጓንት የሚፈለግ ስስና ልስልስ ነው፤ ለመደገፊያ ያምራል። መቀመጫው ላይ ግን የከብት ቆዳ ይሻላል። ጨርቅም በአገሩ ነው፤ አጣዬና ሸዋ ሮቢት ላይ ጥጥ፣ ደጋው ላይ ሱፍ።

የመንዝ ባናስ? ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ በጣም ያምራል፣ የተፈጥሮ ቀለሙ ከቡናማ እንጨት ጋር ይሄዳል። ግን ወፍራም ነው፣ አይሳሳብም። የጎበጠ መደገፊያ ላይ ጥጉ ይከመራል። መቀመጫውን በባና፣ መደገፊያውን በሌላ ስስ ሱፍ አድርጉት።

ሌሊት የሚነክስ ነገር ይዞ መጣ

ትኋን ነው። ቤት ሳታስገቡ ግቢ ውስጥ ፍቱት። ጨርቁንና ስፖንጁን አቃጥሉ፤ ልክ የሚሆናችሁን ጨርቅ ግን ቀቅሉት። ትኋን ያለ ምግብ ወራት ይቆያል፤ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ አይገድለውም። የፍሬሙን ስንጥቅና የሚስማር ቀዳዳ በብሩሽ ጠርጉና የጀበና እንፋሎት ስጡት። እንፋሎቱ ኮላውንም ያላላል፤ ስለዚህ ይህን ከኮላ ሥራው በፊት ጨርሱ።

መቀመጫው ስፖንጅ የለውም፤ ገመዱ ተበጥሷል

ዴንማርካዊው ዲዛይነር ሃንስ ዌግነር በ1949 (እ.ኤ.አ.) የነደፈው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መቀመጫው በ120 ሜትር ያህል የወረቀት ገመድ የተሸመነ ነው። ተመሳሳይ ካገኛችሁ ኮምፔንሳቶ ቸንክራችሁ ስፖንጅ አትጫኑበት። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የተገመደ ቃጫ በሰም አሽታችሁ ሸምኑት። ወረቀቱን ባያክልም ፍሬሙን አይጎዳም፤ ዋናው ገመድ በተገኘ ቀን ይፈታል።

ብሩ ለሁሉም አይበቃም

እንግዲያው ቅደም ተከተሉ ኮላ፣ ቀበቶ፣ ስፖንጅ፣ አቡጀዲ ነው። እነዚህ ላይ አትቆጥቡ። አቡጀዲው ከተመታ በኋላ ወንበሩ ሥራ ይጀምራል፤ ለጊዜው ነጠላ ወይም አሮጌ ጋቢ ጣል አድርጉበትና ተቀመጡበት። የሚጎረብጥ ቦታ ካለ ያኔ ታገኙታላችሁ፤ አቡጀዲውን በአንድ በኩል ከፍቶ ማስተካከል ቀላል ነው። እስከዚያው ሶፋ ሠሪዎች ጋ እየሄዳችሁ ቁራጭ ጠይቁ። ለአንድ መቀመጫ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እነሱ ደግሞ ይህን የሚያህል ቁራጭ ሊተርፋቸው ይችላል።